ፈቃዱና የአባዬ ስም

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ዓይንሽ ከታከመ ወዲህ ራስሽ ታነቢያለሽ ወይስ መነጽሩን እንዳኮረፍሽው ነው? እኛ ጤናችን ደህና ነው። እኔ ግን ደሜ ፈልቷልና ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጬ ልጽፍልሽ አልቻልኩም።

እኔና ወንድሜ የያዝነው ሱቅ የአልኮል መጠጥ በችርቻሮ እንዲሸጥ ለከተማው ምክር ቤት ያመለከትነው ፈቃድ ጸደቀ። ደንበኛው ቢራ ፍለጋ ማዶ ወዳለው ሱቅ እየተሻገረ ዳቦውንም ሳሙናውንም እዚያው ስለሚሸምት፣ ያለዚህ ፈቃድ ዓመት አንዘልቅም ነበር። ከበራችን እስከ ትምህርት ቤቱ በር በሜትር ተለክቶ ሕጉ የሚጠይቀውን ርቀት ለጥቂት አለፍን። መጠጥ ልንሸጥ ማመልከታችንን የሚናገረውን ማስታወቂያ በራችን ላይ ሠላሳ ቀን ለጥፌ የመንገደኛውን ግልምጫ ቻልኩት። ጠርሙስ በመስኮት እንደማይታይ፣ በጊዜ እንደምንዘጋ ሁሉንም ጽፌ አቀረብኩ።

ምክር ቤቱ በጠራው ስብሰባ ላይ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ተነስታ፣ መጠጥ ቤተሰብ ሲበትን እነዚህ ነጋዴዎች የት አይተው ያውቃሉ አለች። መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ያ አፈ ጉባኤው ልጅሽ ግን ተናገር ሳይባል ብድግ አለና፣ «አባታችንን የገደለው መጠጥ ነው። ለማን መሸጥ እንደሌለብን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም» አላቸው። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ እጅ አወጡና ተፈቀደ።

እማዬ፣ አንቺ ለቀስተኛውን ሁሉ ጨጓራው ነው ብለሽ የሸኘሽ ሴት ነሽ። እኔም ለባሌ ሳይቀር እንደዚያው ነው ያልኩት። ይሄ ልጅ የአባዬን ገመና ለቢራ መደርደሪያ ሸጠው! ቤት ስንገባ የሆዴን ነገርኩት። እሱ ደግሞ «ዋሸሁ እንዴ?» ይለኛል። ያቃጠለኝ ይኸው ነው፤ አልዋሸም። እኔና አንቺ ለብቻችን ወጥ ቤት ቆመን እንኳ ሃያ ዓመት ያልተነፈስነውን፣ እሱ ለማያውቁን ሰዎች በሦስት ደቂቃ ዘረገፈላቸው። የአገራችን ሰው ፀጉር አስተካካዩም እዚያ ነበር፤ እሱ እንደሆነ ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም። ዞሮ ሳይደርስሽ ከእኔ ስሚው ብዬ ነው የምጽፈው።

የፈቃዱ ወረቀት በስሜ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረምኩ ይሰረዛል። ሁለቴ ብዕር አንስቼ ሁለቴ አስቀመጥኩ።

እህቴን ከነባሏ ሳሚልኝ። አጎቴን ሳሉ ተሻለው ወይ በይልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬን አድርሺ። ልጅሽ ጉልበቷን ሳሚልኝ ብሎኛል፤ ራሱ ጽፎ ይሳም። እኔ መልስሽን እጠብቃለሁ። ፈርሚ ካልሽ እፈርማለሁ፣ ተይው ካልሽ ሱቁ ይዘጋ። ብቻ ስለ አባዬ አንድ ጊዜ፣ ለእኔ ብቻ፣ እውነቱን ጻፊልኝ።

ታላቋ ልጅሽ
ከሱቁ ጓዳ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን