ምንም ያልተሰማቸው የአባቴ ጥርሶች

ለተከበሩ የቤት ውስጥ መገልገያዎች ፍተሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይም ጥርስዎ ሙሉ፣ ድድዎም ሰላም እንዲሆን እመኛለሁ። ይህን የምጽፈው መሥሪያ ቤትዎ «ጉዳት የሌለው፣ ውጤቱ የተረጋገጠ» የሚል ማኅተም ላሳረፈበት፣ ሰው በቤቱ ለሚቀባው የጥርስ ማንጫ ዱቄት ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። በግል ብጽፍልዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ፣ ይኼኛውን ሰው ሁሉ ያንብበው ብያለሁ።

1. ለሙከራው ፈቃደኛ ሲፈለግ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ በጥበቃነት ጡረታ የወጡትን አባቴን በማስታወስዎ ቤተሰባችን ኮርቷል። ባለሙያዎችዎ ያምዎታል ወይ ሲሏቸው ኧረ ምንም ብለዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃስ ይጠዘጥዝዎታል ወይ ሲሏቸው ደግሞ ስቀዋል። እውነታቸውን ነው። የአባቴ ጥርሶች ከላይም ከታችም ሰው ሠራሽ ናቸው፤ ዱቄቱን ቀብተው ብርጭቆ ውስጥ ያሳድሯቸውና እሳቸው ሌላ ክፍል ገብተው ይተኛሉ። አፍዎን ይክፈቱ ያላቸው ስላልነበረ፣ እሳቸውም በሰው ሥራ ጣልቃ አልገቡም።

2. ልጄ የሕፃናት መምህርት ናት። አንዲት ተማሪዋ ጥርስሽ ለምን ቢጫ ሆነ ብላ በክፍሉ ፊት ስለጠየቀቻት ይህንኑ ዱቄት ገዛች፤ እኔም አባቴ ከብዙ ተሞካሪዎች አንዱ መስለውኝ፣ ማኅተምዎን አምኜ አበረታታኋት። ጥርሷ በእርግጥ ነጥቷል፤ በዚህ መሥሪያ ቤትዎ አልዋሸም። ነገር ግን ድዷ ተላጠ፤ ጠዋት ግቢ ውስጥ ሕፃናቱን ስታዘምር ነፋሱ ጥርሷን ስለሚወጋት አፏን በእጇ ሸፍና ታዘምራለች። ያቺው ተማሪ አሁን ደግሞ ፈገግታዋን ብታጣው መምህሬ ለምን ተቆጣሽን ብላታለች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም።

3. ቅሬታችንን ይዘን ስንመጣ ባለሙያዎ በሰጡን ማብራሪያ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። ጉድለቱ የልጄ ጥርስ እንጂ የዱቄቱ እንዳልሆነ፣ የተሞከረባቸው ሰዎች በሙሉ አንዳችም ሕመም እንዳልተሰማቸው አስረዱን። በሙሉ የተባሉት አባቴ ብቻ መሆናቸውን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዱቄቱ የራሱ ጥርስ ባለው ሰው ላይ፣ በሐኪም ፊት እስኪሞከር ድረስ ማኅተምዎ ከላዩ እንዲነሣና ከሱቅ እንዲሰበሰብ በትሕትና እለምናለሁ። በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር የሰው ልጅ ማኅተሙን አንብቦ ሲገዛው አያለሁ።

ለእርስዎ ብርታትን፣ ለማኅተምዎ ዕረፍትን እየተመኘሁ፣
ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ
የመምህርቷ እናት፣ የተሞካሪው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መሥሪያ ቤትዎ ለአዲስ የጥርስ ማጠንከሪያ ሙከራ አባቴን ዳግም እንደሚፈልጋቸው ሰምተናል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃዎን መውጣት አይችሉም፤ ፈቃድዎ ከሆነ ግን ጥርሶቹን ብቻቸውን በመልእክተኛ እንልካለን። ምሳ የሚበሉባቸው ስለሆኑ ከቀትር በፊት እንዲመልሱልን በአክብሮት እናሳስባለን።