አያታችን ያልቋጠሩት ቋጠሮ

ውድ ወንድሜ ሻውሬሜ፣

እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትቀደው። ነገሩ «የፈውስ ዜማ እንድታዜም አጋዘኑ አምላካችን አልፈለገህም» ተብለህ ከቤት የወጣህበትን ቀን ይመለከታል።

ዘንድሮ ሂኩሪን፣ ያንን መራራ ቅዱስ ቁልቋላችንን፣ ለማደን ወደ ዊሪኩታ በረሃ እኔም ሄድኩ። መቼም በዚያ መንገድ የሁሉ ስም ይገለበጥ የለ? አያታችን «ሕፃኑ» ተባሉ። «ሕፃኑ፣ ጥርስ አላበቀልክም እንዴ?» እያልኩ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መቆጣት አይችሉም፤ የጉዞው መሪና ዜመኛ ሆነው ሕጉን የሚያስጠብቁት ራሳቸው ናቸው።

ኑዛዜው ደግሞ ባሰ። እሳቱን ከበን ሁሉም ከትዳሩ ውጭ የወደደውን በስም እየጠራ ክሩ ላይ ሲቋጥር አክስታችን ቱራማ፣ በሰባ ዓመታቸው፣ ክር አለቀባቸው። ባላቸው መቅናት ክልክል ነውና እየሳቁ የረሱትን ስም አስታወሷቸው። አያታችን ግን ሁለት ብቻ ቋጥረው ክራቸውን ቶሎ እሳት ውስጥ ጣሉ።

በማግስቱ እስከ ቀትር እሾህ ለእሾህ ጎንበስ ብለን ፈለግን። አንድም ሂኩሪ የለም። አንድ ሰው ሳይናዘዝ የደበቀው ነገር ካለ ሂኩሪው እንደማይታይ ታውቃለህ። አክስታችን ወደ እኔ ዞረው፣ እንቁላል መስረቄን ብቻ መናዘዜ እንዳላሳመናቸው ተናገሩ። ሁሉም አፈጠጠብኝ። እኔን ያስጨነቀችኝ ግን እናታችን ናት። አንተ ከሄድክ ወዲህ እህል በግድ ነው የምትቀምሰው፤ ከሰው ጋር አትነጋገርም። መድኃኒቷን ሳንይዝ ብንመለስስ?

«ሕፃኑ፣ አንተስ ሁሉንም ተናዝዘሃል?» አልኳቸው።

አያታችን በጠራራ ፀሐይ እሳት አስነደዱና ከቦርሳቸው ክር አውጥተው አንድ ቋጠሮ ቋጠሩ።

«ይሄ የሴት አይደለም፤ የሻውሬሜ ነው» አሉ። «አርባ ዓመት የለፋሁበትን ዜማ ልጁ በአንድ ክረምት ያዘው። ቀናሁበት። አልፈለገህም ያልኩት እኔ ነኝ። አጋዘኑማ ትንፍሽ አላለም።»

ክሩን አቃጠሉት። እኔ እንኳ አልሳቅኩም።

ሂኩሪው የት እንደተገኘ ታውቃለህ? ጠዋት ሦስት ጊዜ ካለፍንበት ቁጥቋጦ ሥር፣ አምስት ሆኖ። አያታችን እንደ አጋዘን በቀስታቸው ወጉት፤ እኔም ቀመስኩ። ምሬቱን ተወው! ሰማዩ እንደ ዶቃ ሲበተንና ሲሰካ አየሁ። እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው፦ ጠዋትም እዚያው ነበር ወይስ በኋላ መጣ? አያታችንን ብጠይቃቸው «ዓይንሽን ጠይቂው» አሉኝ። መልስ ሲያጡ እንዲህ ነው የሚሉት።

ቤት ስንመለስ እናታችን፣ አያታችን እያዜሙላት፣ ቀመሰች፤ ቀጥሎም ስለ ክሩ ነገሯት። መድኃኒቱ ይሁን ኑዛዜው እንጃ፣ ቀና ብላ «ታዲያ ልጄ ይሄን ያውቃል?» አለች። በስንት ወሯ!

አያታችን «ይቅርታ ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ በሰው እጅ የተቋጠረ ቋጠሮ አይቆጠርም። ሲቆጡ ቆይተው ራሳቸው ሊመጡ ጫማቸውን ፈለጉ። ከተማ አይወዱም፣ አውቶቡስ ያዞራቸዋል፣ አንተ ያለህባትን ጓዳላሃራን በስም እንጂ አያውቋትም። ማንበብም ስለማይችሉ እንደ ልቤ ጽፌባቸው ደብዳቤውን በእጃቸው ሰጠኋቸው።

እንግዲህ አንብበህ ከጨረስክ ቀና በል። አያታችን ይቅርታቸውን ይዘው ፊትህ ቆመዋል። ወንበር ስጣቸው።

እህትህ ሃይዊማ