ጫፉ የተሸረፈው ዶቃ

ለወንድሜ ለቄንና፣

እዚያ ሜምፊስ የከተማህ አምላክ ፕታህ ጤናህን ይጠብቅልኝ። እኛ ለአምላካችን ለአሞን ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ ዓባይም ዘንድሮ ጥሩ ሞልቷል። ባለቤቴ ነከሙት ያው የንጉሡን መቃብር ሲፈለፍል ይውላል።

ትናንት ለልጃችን የሰማያዊ ዶቃ ሐብል አመጣላት። አንዱ ዶቃ ጫፉ ተሸርፏል። ልጅ ሳለህ የእናታችንን ሐብል በድንጋይ ስትመታው፣ «አንተ አጥፊ! ተሸርፎም ቢሆን አብሮኝ ይቀበራል» ብላ የጮኸችብህ ትዝ ይልሃል? መቼም ዶቃ ሁሉ ይሸረፋል።

«ከየት አገኘኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከገበያ ነዋ! ስጦታም ይመረመራል እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ዘበኞች ከመቃብር የተዘረፈ ዕቃ ፍለጋ ቤት ለቤት እየፈተሹ ጎረቤታችን ደርሰዋል። ሐብሉን ሊጡ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ለሙታን መታሰቢያ በዓል ስትመጣ እንደ ልማድህ ዳቦና ቢራ ይዘህ በቀጥታ እናታችን መቃብር እንዳትሄድ። መጀመሪያ እኔ ቤት ግባ፤ ብቻህን።

አሞን በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ዋቤት