የአባቴን የደም ግፊት ዜሮ ላደረገው የቻርት ፕለጊን ባለቤት

ለማስታወሻ መተግበሪያችን ቻርት የሚሥል ፕለጊን፣ ማለትም ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ሠርተው ለለገሱን፣ እጅግ ለተከበሩ ባለሙያ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእርስዎን የደም ግፊት ባላውቅም ከዜሮ በላይ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። የአባቴ ዜሮ ነው፤ በእርስዎ ቻርት እምነት።

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። አዲሱን ክኒን ከጀመረ ወዲህ እያዞረው ደረጃ ላይ ወድቋል። ሐኪሙም «የቁጥር ክምር አታምጡብኝ፤ የግፊቱን መስመር አሳዩኝና ክኒኑን መቀነስ ካለብን እንቀንሳለን» አሉን። እኔም ጠዋትና ማታ የሚለካውን በሠንጠረዥ እየመዘገብኩ፣ የየዕለቱን አማካይ የሚያወጣ ቀመር ከጎኑ አስገባሁ። ቀመሩ አማካዩን አሳምሮ አወጣ። ቻርትዎ ግን ውጤቱን ትቶ ቀመሩን ራሱን አነበበና፣ ቁጥር አልሆን ቢለው ጊዜ አባቴን ከወለሉ ጋር አስተካክሎ አሰመረው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፦

፩. ማስታወሻውን ቤተሰቡ በጋራ ስለሚያየው፣ ቻርቱ ሳንጠይቀው ለሁሉም ስልክ እንዲደርስ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። አክስቴ የቤት ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር እየጮኸች መጣች። በሩን የከፈተላት አባቴ ነበር። «ወንድሜን አሳዩኝ!» ብላ ገፍታው አለፈች። «እኔ ነኝ እኮ» ቢላት፣ «አንተ ዝም በል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለችው።

፪. ለአቤቱታዬ «ቻርቱ ይሠራል፤ ቀመሩም ይሠራል፤ አብረው ግን አይሠሩም» የሚል ግልጽ መልስ ሰጥተው፣ ጉዳዩን «ተፈትቷል» ብለው ስለዘጉልኝ ባለውለታዎ ነኝ። ቀመሩን የሠራው ሌላ ባለሙያ እንደሆነም ነግረውኛል። በአንድ መተግበሪያ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ መኮራረፋችሁን ስሰማ፣ የራሴን ችግር ረስቼ አስታራቂ ልፈልግላችሁ ዳድቶኝ ነበር።

፫. «ውጤቱን በእጅዎ ይጻፉት» የሚለው ምክርዎ፣ በቅሎ ገዝቶ በቅሎዋን ተሸክሞ ከመሄድ በምን እንደሚለይ እስካሁን አልገባኝም፤ ግን ታዘዝን። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አማካዩን ያነባል፣ እኔ ከጎኑ በቁጥር እጽፋለሁ። «ዕድሜ ልኬን ሾፌር ኖሬ፣ በስተርጅና ረዳት አደረጋችሁኝ» እያለ ነው የጨረስነው።

፬. በዚህ መሃል አዲስ አፕዴት ልከውልናል። የመስመሩን ቀለም መምረጥ ተችሏል። አባቴ በሐምራዊ ሲሞት በጣም ያምርበታል።

እንግዲህ ጣቶችዎ አይዛሉ፤ የሚነኩት ሁሉ ይስመርልዎ፤ ከቀመሩ ባለቤት ጋርም ፈጣሪ ያስታርቃችሁ።

በቻርት ሞቶ ሳሎን ውስጥ ሻይ የሚጠጣ አባት ያለኝ፣
ትሑት ተጠቃሚዎ

ማስታወሻ፦ በእጃችን ሞልተን ያሠመርነውን ሐኪሙ አዩት። መስመሩ ክኒኑ ከተጀመረ ወዲህ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚያሽቆለቁል ተመልክተው ክኒኑን በግማሽ ቀነሱለት፤ አባቴም ደረጃውን ያለ ደጋፊ መውረድ ጀምሯል። ሐኪሙ በቻርቱ ውበት እጅግ ስለተደሰቱ፣ በሽተኞቻቸው ሁሉ እንዲጠቀሙበት የፕለጊኑን ስም ጠየቁኝ። አንድ ክሊኒክ ሙሉ ሰው በአንድ ጠዋት እንዲያልቅ ስላልፈለግሁ፣ «ረሳሁት» አልኳቸው።