የፊቱ ክፍል ሱቅ እንዳይሆን

እኔ መምህር ወልደሰማያት ኃይለሚካኤል፣ ዕድሜዬ ሰባ ስድስት፣ አድራሻዬ ጅማ ከተማ ቦሳ አዲስ ቀበሌ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ያልከዳኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ዛሬ ረቡዕ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት በአራት ምስክሮች ፊት የምናዘዘው ይህ ነው። ጸሐፊው የተናገርሁትን ይጻፍ እንጂ አያሳምርልኝ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙዚቃ ያስተማርሁ ሰው ነኝና ቃል የት ላይ ማረፍ እንዳለበት አውቃለሁ።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት፣ ከመንገድ ዳር ካለው የፊት ክፍል በቀር፣ ለልጆቼ ለጽዮናዊትና ለልዑልቃል እኩል ይሁን። ጽዮናዊት እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች ናትና የእናቷን ሣጥን ከነልብሱ ለብቻዋ ትውሰድ፤ ማንም አይጠይቃት።

ሁለተኛ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩን ልጆች የማስተምርበትን የፊት ክፍል፣ ከነኪቦርዱ፣ ከነሁለቱ ክራርና ከነከበሮው ለቀድሞ ተማሪዬ ለመምህርት ሳቢሪን ሙሐመድሳኒ አውርሻለሁ። ልጄ ልዑልቃል ከኪራይ ሱቁ ወጥቶ ክፍሉን ለሱቅ እንደሚፈልገው አውቃለሁ። «አባዬ፣ ዘፈን ዳቦ አይሆንም፤ ቦታው ደግሞ አስፋልት ዳር ነው» ብሎኛል። ስለዚህ ምክንያቴን እዚሁ ፊቱ እናገራለሁ።

በ1988 ዓ.ም. ደዶ ወረዳ ሳስተምር የሙዚቃ ሰሌዳ አልነበረንም። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የገበሬው የሙሐመድሳኒ የቡና ማድረቂያ አልጋ ነበረ። ባዶው ጫፍ ላይ እንደ ኖታ መስመር አምስት ሲባጎ ወጥሬ፣ ጀንፈል ቡና በኖታ ፋንታ እየደረደርሁ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ መጥቶ ልጆቹ ሲዘምሩ ሰማና «እንደ በቀቀን አስጠንተሃቸው ነው፤ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ይሰጥ» አለኝ። ስንከራከር ሙሐመድሳኒ ቡናውን ሊያገላብጥ ደረሰ። ልጆች የበተኑበት መስሎት ኖታዬን በመዳፉ ደባለቀው። ተቆጣጣሪው ሳቀና «እንግዲያው ይህንን ያንብቡልኝ!» አለ።

የዘጠኝ ዓመቷ ሳቢሪን፣ የዚያው ገበሬ ልጅ፣ ጣቷን ከፍሬ ወደ ፍሬ እያሻገረች ጀመረች። ሌሎቹ ተከተሏት። ማንም ደርሶት የማያውቅ ዜማ አርባ ሁለት ልጆች ሳይሳሳቱ ዘመሩት! ሙሐመድሳኒ አፉን በእጁ ይዞ «ማሎ ያ በርሲሳ! ኧረ መምህር፣ እኔ ቡና ነው ያገላበጥኩት፤ ይሄ ዘፈን ከየት መጣ?» አለ። «ካንተው እጅ» አልሁት። ክፍለ ጊዜው ሳይሰረዝ ቀረ።

የዚያን ቀን ያህል በሕይወቴ አሸንፌ አላውቅም። ዘፋኙ መምህር እያሉ ሲያሙኝ የኖሩት ሰዎች ኋላ ልጆቻቸውን ይዘው በሬን አንኳኩ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሙዚቃ የተማረ ሁሉ ሙዚቀኛ አይሆንም፤ አይሁንም። ግን ሌላው ሲዘምር ዝም ብሎ ተራውን መጠበቅ ያውቃል፤ ዜማው ቢጠፋበትም ሳያፍር ከመሀል ይቀጥላል። ከተማሪዎቼ ሐኪምም ሾፌርም የቡና ነጋዴም ወጥተዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዛሬም በዶ ሬ ሚ ሰላም ይሉኛል።

ሦስተኛ። አኮርዲዮኔ ለልዑልቃል ይሁን። ልጄ ሆይ፣ የሰውን ልጆች ሁሉ ሳስተምር አንተን አላስተማርሁህም። ደዶ በኖርሁበት አሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ደክሜ ወደ ቤት ስመጣ «አባዬ፣ ይሄ እንዴት ነው የሚነካው?» ትለኝ ነበር፤ እኔም ነገ እልህ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሙዚቃን ብትጠላ አልፈርድብህም። ይቅር በለኝ።

አራተኛ። በቀብሬ ዕለት ተማሪዎቼ ይዘምሩ። ድምፁ የማይስማማ ሰው ከኋላ ይቁም፤ ሞቼም እሰማዋለሁ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ይቁም። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ልጆቹ በር ላይ ናቸው። ፊርማው ከትምህርት በኋላ ይደርሳል።

የምስክሮች ቃል። ተናዛዡ አስተምረው እስኪጨርሱ ጠብቀን፣ በአሥር ሰዓት ኑዛዜው በእርሳቸውና በአራታችን ፊት ተነብቦ፣ ቃላቸው መሆኑን አረጋግጠው ፈርመዋል፤ እኛም ፈርመናል። በሩን ለልጆቹ የከፈቱት አቶ ልዑልቃል መሆናቸውንና ትምህርቱን ግድግዳ ተደግፈው እስከ መጨረሻው መስማታቸውን አይተናል። ከዚህ በታች በእጃቸው ለመጻፍ ጠይቀው ተናዛዡ ፈቅደዋል።

ተናዛዥ፦ መምህር ወልደሰማያት ኃይለሚካኤል (ፊርማ)
ምስክሮች፦ አቶ ሀቢቡላህ አባዝናብ (ፊርማ)፣ ወ/ሮ ዙቤይዳ ከድር (ፊርማ)፣ አቶ ገመቹ ዲንቃ (ፊርማ)፣ ወ/ሮ መድና ሽፋ (የጣት አሻራ)

ኑዛዜውን አልቃወምም። ግማሾቹ ልጆች የተማሩት ቆመው ነው። ከሱቄ አሥር ወንበር አመጣለሁ፤ አንዱ ላይ እኔ እቀመጣለሁ።
ልዑልቃል ወልደሰማያት (ፊርማ)