የሁለት ሐይቅ ዓሣ

ሐይቅ ከተማ፣ ጥቅምት ፳፫ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ብርድ ሲነካው ያማርርሻል? ማሽላውስ እንዴት ይዟል? እኔ እመቤቴ ትመስገን ደህና ነኝ፤ ልብሴ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ከመሽተቱ በቀር የጎደለኝ የለም።

አያሌው መልእክትሽን በነሐሴ አድርሶኛል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም በላት፣ ምግብ ቤቷን ሙሉ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ላይ አንጠልጥላ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል ብለሻል አሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄ ነበር። ዓሣ አጥማጄ ረዳ አንድም ቀን አጉድሎብኝ አያውቅም፣ እናቴ ከአምባሰል ሆና ስለ ዓሣ ምን ታውቃለች ብዬ ሸኘሁት።

መስከረም ላይ አፈርኩ። የግሸን ተሳላሚ ሲመለስ፣ አውቶቡሱ ደጄ ላይ ተደርድሮ ሳለ፣ ነፋስ ተነሥቶ የረዳን መረብ ቦጫጭቆ ጣለበት። ባዶ እጁን መጣ። ሽሮ ሠራሁ። ከሰዉ የሚበዛው ግን ዓሣ ወዳለበት ወደ ጎረቤት ሄደ። አለቀስኩ እማዬ፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ።

ነፋሱ ሲበርድ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ወጣሁና ሀሚዱ ከሚባል አጥማጅ ጋር ተስማማሁ። አሁን ግማሹ ዓሣዬ ከዚያ ይመጣል። ከባዱ ነገር ለረዳ መንገሩ ነበር። የሀሚዱን ዓሣ በጓሮ ላስገባው ብዬ አስቤ ነበር፤ ዓሣ ግን ተደብቆ አይገባም፣ ሽታው ይቀድመዋል። ፊት ለፊት ነገርኩት። ይቀየመኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱም ለካ ሲፈራ ኖሯል! አንድ ቀን ብንጣላ ወይም ቤቱን ብትዘጋው ዓሣዬን ለማን እሰጣለሁ እያለ ይጨነቅ ነበር አለኝ። ውጫሌ ላለ አንድ ሆቴል መሸጥ መጀመሩንም በዚያው ነገረኝ። ተያይተን ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ነገራችን ሁሉ ተለወጠ። ድሮ ትንንሹን የቆሮሶ ዓሣ ሲያመጣልኝ እንዳይርቀኝ ብዬ ዝም እል ነበር። እሱም ክፍያ ሳዘገይበት ትንፍሽ አይልም። መከባበር መስሎን ነበር፣ ለካ መፈራራት ኖሯል። አሁን ያላማረኝን እመልስለታለሁ፤ እሱም ካላዋጣው ለውጫሌው ሆቴል ይጭነዋል። ባለፈው ሳምንት ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ተጨቃጨቅን፤ በማግስቱ ግን እንደወትሮው መጣ። ከሰው ጋር ተጣልቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ ዕለት ደግሞ ረዳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላውን እንደለበሰ፣ ምንም ዓሣ ሳይዝ መጣ። ብዙ ተቀመጠ። የተባባልነውን በወረቀት አልጽፈውም፣ አፍራለሁ።

እማዬ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ረዳ የላካቸው አባ መልከ ጼዴቅ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እቤት ይመጣሉ። አጎቴን አስቀድመሽ ጥሪው፤ ጠላውም ይጠመቅ። እንደ ደንቡ አንድ ጊዜ እንምከርበት ብላችሁ መልሷቸው፤ ልጃችሁ ከመንገድ የተገኘች አይደለችም። ሁለተኛ ሲመጡ ግን፣ በእመቤቴ፣ አባ ሽማግሌ ናቸውና አታመላልሷቸው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ደጃፍሽን ሰላም ያድርግልኝ። ምርቃትሽንም ለሁለት ሰው እንዲበቃ አድርገሽ አቆዪልኝ።

ምክርሽን ዘግይታ የሰማች
ልጅሽ