ጥንቸል ብለህ ለሰደብከኝ

ውድ ፈንታሁን፣

የላክኸው ድምፅ ደርሶኛል። የአጎትህ ልጅ ወገኔ ከወለጋ እዚህ መጠለያ እንደመጣ ድንኳናችን በር ላይ ቆሞ ስልኩን ከፍ አድርጎ ከፈተው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። «እሷ ጥንቸል ናት፣ ቅጠል ኮሽ ካለ ትሮጣለች። እኔ አባቴ ያለማው መሬት ላይ ተመልሻለሁ። በቆሎው ደርሷል፣ የሚያበስልልኝ የለም፤ ልጄን ህሊናን ከወገኔ ጋር ላኪልኝ» ትላለህ። ሰዉ ሳቀ።

ጥንቸል ካልከኝ እንግዲህ ስለ ጥንቸል ልንገርህ። ሥጋዋን ስለማንበላ ነው እንዲህ የናቅሃት? እርሻችን ዳር ስትወልድ አይተሃታል። ልጆቿን አንድ ቦታ አታከማችም፤ አንዱን እዚህ ሣር ሥር፣ ሌላውን እዚያ ትሸሽግና ሲመሻሽ እየዞረች ታጠባለች። ያን ክፉ ቀን፣ ታጣቂዎች መጡ ሲባል፣ አንተ ከብት ፍለጋ ስትባዝን እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ህሊናን ለክርስትና እናቷ ለወለተ ጊዮርጊስ፣ ትንሿን ሙሉዬን ለጎረቤታችን ለዙቤዳ ሰጠሁ፤ አንድ ቤት ቢገኙ ሁለቱንም እንዳላጣ ብዬ። ዙቤዳ «አላህ የሰጠኝ አደራ ናት» ብላ ከልጆቿ መሀል አስተኛቻት። ደብረ ብርሃን ስንገናኝ ግን መጀመሪያ ያልከኝ «ልጅ የሚበትን እናት አይቼ አላውቅም» ነው። ሁለቱም በደህና አጠገብህ ቆመው ነበር እኮ። ያኔ ዝም አልኩህ።

ዛሬ ዝም አልልም። አንተ የእሳት እራት ነህ። ክረምት ክረምት ኩራዛችን ላይ ስትመጣ ክንፏ ይለበለብና ትወድቃለች፤ ትንሽ ቆይታ ተነስታ እዚያው ትመለሳለች። አንተንም መሬቱ አባበለህ። ወንድምህን እዚያው እንደቀበርነው እንዴት ትረሳለህ? አሁንም አገሩ እንዳልበረደ ወገኔ ራሱ እየተንሾካሾከ ነግሮኛል። የሄድከው በራስህ ነፍስ ነው፣ አልያዝኩህም። ግን የእሳት እራት እንኳ ልጇን አስከትላ ወደ ኩራዝ አትመጣም።

እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ድንኳኑም ያፈሳል። እኔም ቤቴ ይናፍቀኛል፣ ምን ልዋሽህ። ህሊና ግን ትምህርት ጀምራለች። ድምፅህን ከሰማች በኋላ «እማዬ፣ እምቢ ካልኩ አባዬ ይቆጣኛል?» አለችኝ። የሚቆጣው እኔን ነው አልኳት።

እንግዲህ ተቆጣ። ወገኔ ብቻውን ነው የሚመለሰው። በቆሎውን ለወፍ ተወውና፣ እየተሳደብክም ቢሆን ና።

የልጆችህ እናት፣ መሰረት